የማይቃኘው መሣሪያ፦ የድምፅ ልክ ታሪክ ከጎንደር ደጋ እስከ መተማ ቆላ

(ለፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ጽሑፍ)



መተማ ሲነሣ የታሪክ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ዕለት ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ቀጥሎ የሚታወሰው ጎንደርን ከስናር ያገናኝ የነበረው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነው፤ በዘመናችን ደግሞ ጥጥና ሰሊጥ። የዛሬው ንግግሬ ከእነዚህ ሁሉ ራቅ ስላለ ጉዳይ ነው፤ ስለ ድምፅ ልክ። አንድ ኖታ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል? ቁጥሩን ማን ወሰነው? ያ ቁጥር ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድስ እንደ ነበረ ይቆያል ወይ? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ተማሪ ሳለሁ ከቆላው የተቀዱ የክራር ዜማዎችን በኖታ እንድጽፍ ተሰጥቶኝ ነበር። የሰማሁትን እያንዳንዱን ድምፅ በአቅራቢያው ወዳለው የፒያኖ ቁልፍ እየገፋሁ ጻፍሁት። ሥራዬ ንጹሕና ለንባብ የተመቸ ሆነ፤ ተመሰገንሁበትም። ከዓመታት በኋላ በግንቦት ወር መተማ ዮሐንስ ላይ አንድ አረጋዊ የክራር ተጫዋች አገኘሁ። በስልኬ ላይ የመቃኛ መተግበሪያ ከፍቼ፣ «አባባ፣ እስቲ ይህችን አውታር 440 ላይ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። ክራራቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው፣ «መጀመሪያ ማን እንደሚዘፍን ንገረኝ» አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት ቁጥር ነበር፤ እሳቸው የጠየቁት ድምፃዊ ነበር። ቀድሞ በጻፍሁት ኖታ ውስጥ ምን እንደ ጠፋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ኖታን ወደ ቁጥር መለወጥ

በቅድሚያ ስሌቱን እንመልከት። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚደረገው የንዝረት ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ጆሯችን የሚያስተውለው በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት አይደለም፤ የሚያስተውለው ጥምርታቸውን ነው። ከ220 ወደ 440 መውጣትና ከ440 ወደ 880 መውጣት በቁጥር ሲታዩ አንዱ የሌላው እጥፍ ናቸው፤ ለጆሮ ግን እኩል ርቀት ናቸው። ሁለቱም ኦክታቭ ይባላሉ።

በፒያኖና በኪቦርድ ላይ ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፈላል። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ድግግሞሽ በ1.0595 ገደማ ማባዛት ነው፤ ይህ ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ስለሚሆን ከአንዱ ኦክታቭ ወደ ሌላው ያደርሰናል። «ላ» 440 ኸርዝ ከሆነ፣ ከእሱ በላይ በ7 እርምጃ የሚገኘው «ሚ» 659.3 ኸርዝ ይሆናል። ይኸው «ሚ» አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 329.6፣ ሁለት ኦክታቭ ሲወርድ 164.8 ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚሁ መንገድ ትዝታን ከዶ አስነሥተን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብንጽፈው 261.6፣ 293.7፣ 329.6፣ 392 እና 440 እናገኛለን። ክራር ግን እንዲህ አይቃኝም። ክራር ተጫዋች ሁለት አውታሮችን አብሮ መትቶ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ እስኪዋሐድ ድረስ ያስተካክላቸዋል። እንዲህ ያለው ውሕደት የሚገኘው በቀላል ጥምርታ ነው፤ ዶና ሶል 2 ለ3 ሲሆኑ። ከዶ ተነሥተን በዚሁ ጥምርታ እየተሻገርን ሌሎቹን አውታሮች ብንቃኝ «ሚ» 331.1፣ «ላ» 441.5 ይሆናሉ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን ይሰማዋል።

የዚህ ሁሉ ስሌት መነሻ «ላ 440 ነው» የሚለው ስምምነት ነው። 440 የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የስብሰባ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ከመኖሩ በፊት የተጻፈ ኖታ በቁጥር ስንት ነበር ብሎ መጠየቅ ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከእኛው ቆላ ጋር የተያያዘ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለን።

የራስ ኤል ፊል ገዥና የመለከቱ «ሚ»

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። በቤተ መንግሥቱ ሞገስ አግኝቶ ከተሰጡት ሹመቶች አንዱ የራስ ኤል ፊል ገዥነት ነው፤ ይህም መተማን የሚያጠቃልለው የምዕራቡ ቆላ ነበር። ሹመቱ በአብዛኛው የስም ቢሆንም ግዛቱን ያውቀዋል፤ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲጓዝ ያለፈው በዚሁ ቆላ ነው።

ብሩስ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ደብዳቤ ጻፈ። በርኒም በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አወጣው። በጊዜው የለንደን ሰዎች የብሩስን ወሬ ብዙም አላመኑትም። በቋንቋቸው የክራር ዓይነት መሣሪያ ስምና ዋሾ የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ፣ ብሩስ ከሄደ ወዲህ በሐበሻ አገር አንድ ክራር ጎደለ እያሉ ይቀልዱበት እንደ ነበር ይነገራል። ስለ መሣሪያዎቹ የጻፈው ግን በእጁ እንደ ዳሰሰ ሰው ነው። ክራሩ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት አውታር እንዳለው፣ አውታሮቹም ከበግ ወይም ከፍየል ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተቆርጠው የተገመዱ መሆናቸውን ይገልጻል። በደረቅ አየር ቶሎ እንደሚበጠሱ፣ በእርጥበት ጊዜ ደግሞ ድምፃቸው እንደሚጠፋ ያስታውሳል። ስለ መለከት ሲጽፍ፣ ርዝመቱ 5 ጫማ ከ4 ኢንች ያህል የሆነ፣ ጫፉ ላይ የቅል አንገት የተገጠመለት የሸምበቆ ቧንቧ እንደ ሆነ ይነግረናል። ድምፁም አንድ ኖታ ብቻ ነው ይላል፤ «ሚ»።

አንድ የአካዳሚ ሰው ይህን ሲያነብ «ሚ 164.8 ኸርዝ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ብሩስ ግን 440ን አያውቅም። በእሱ ዘመን በለንደን የነበረውን ልክ የሚያሳየን የመቃኛ ሹካ ነው። ሹካውን በ1711 የፈለሰፈው የንጉሡ መለከት ነፊ ጆን ሾር ነው። የሐንደል ነው የሚባለውና በ1751 ገደማ የነበረው ሹካ «ላ»ን 422.5 ላይ ያሰማል። በዚያ ልክ ያው የታችኛው «ሚ» 158.3 ኸርዝ ይሆናል።

አሁን ቧንቧውን እናስላው። 5 ጫማ ከ4 ኢንች 1.626 ሜትር ነው። በከንፈር የሚነፋ ቀጥ ያለ ቧንቧ በአፍ በኩል እንደ ተዘጋ ስለሚቆጠር የሚፈቅዳቸው ንዝረቶች የመሠረታዊው 1፣ 3፣ 5 እጥፍ ናቸው። የሁለተኛው ንዝረት የሞገድ ርዝመት 2.168 ሜትር ይሆናል። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ነው፤ ይህን ለ2.168 ስናካፍል 158 ኸርዝ ያህል እናገኛለን። ከለንደኑ የጥንት «ሚ» ጋር ይገጥማል።

ይህን ያህል መግጠሙ ሊያስደስተን ቢችልም ሊያሳምነን አይገባም። ብሩስ ርዝመቱን «ያህል» ብሎ ነው የሰጠው። «ሚ» የትኛው ኦክታቭ ላይ እንዳለ አልተናገረም። የቅሉ አፍም ስሌቱን ያዛባል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን 20 ዲግሪ የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መለከቱ የተነፋው የት ነው? በስንት ሰዓት?

ሙቀት

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ መተማ ከ800 ሜትር በታች ናት። ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ድምፁ ይለወጣል ይላሉ። የአየሩ መሳሳት በድምፅ ፍጥነት ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው ሙቀት ነው። በ15 ዲግሪ የጎንደር ጠዋት ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ እንደሚሆነው ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱ 355 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ጥምርታ 1.042 ያህል ነው። በጎንደር ጠዋት «ላ»ን 440 ላይ የሚያሰማ ቧንቧ መተማ ላይ አየሩ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ካሞቀው 459 ይደርሳል ማለት ነው። የብሩስ መለከት ደግሞ በ15 ዲግሪ 157፣ በ40 ዲግሪ 163.6 ይሆናል። አንዱ ሸምበቆ ከጎንደር መተማ ሲወርድ ከ18ኛው መቶ ዘመን የለንደን «ሚ» ተነሥቶ ወደ ዛሬው 164.8 ይጠጋል። በእርግጥ የነፊው እስትንፋስ በደጋም ቧንቧውን ስለሚያሞቀው በተግባር የሚሰማው ልዩነት ከዚህ ያንሳል። የለውጡ አቅጣጫ ግን አይቀየርም፤ ዋሽንት ነፊዎች ሁሉ ያውቁታል።

አውታር ያለው መሣሪያ የሚከተለው ሌላ ሕግ ነው። የአውታር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል፤ ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆንም እንዲሁ። የቆላው የበጋ ድርቀት የክራርን ቆዳ ይወጥረዋል፤ የክረምቱ እርጥበት ያላላዋል። ከበሮ ከመመታቱ በፊት እሳት ዳር የሚሞቀው ስለዚህ ነው። ብረት የመቃኛ ሹካ ደግሞ ሲሞቅ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። እንግዲህ በአንድ የመተማ ከሰዓት በኋላ ዋሽንቱ ከፍ፣ ሹካው ዝቅ፣ ክራሩ ደግሞ እንደ እርጥበቱ ወዲያና ወዲህ ይላል።

አብረው እንዲጫወቱ ምን ይደረጋል? መልሱ የንግግሬ ዋና ሐሳብ ነው። የሚቃኘው መሣሪያ ለማይቃኘው ይገዛል። ዋሽንት ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም፤ ለዚህም ነው ዋሽንት ተጫዋቾች ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች የሚይዙት። ክራሩ ወደ ዋሽንቱ ይመጣል። ዋሽንት ከሌለ ደግሞ የማይቃኘው የሰው ጉሮሮ ነው። ድምፃዊው የሚችልበት ቦታ ይታወቃልና አውታሩ ወደዚያ ይሄዳል። የመተማው አረጋዊ «ማን እንደሚዘፍን ንገረኝ» ያሉኝ ለጨዋታ አልነበረም፤ የጥንቱን የልክ ሕግ መንገራቸው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ዜማም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት የዜማ ምልክት ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚረግጥና የት እንደሚወጣ ያሳያል፤ የመነሻውን ከፍታ ግን ለመሪው ይተዋል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የድምፅ ጠባያት እንጂ የኸርዝ ቁጥሮች አይደሉም።

ቁጥሩ የተወሰነባቸው ስብሰባዎች

በአውሮፓም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር። ከተማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቲያትር ቤቱ ሁሉ የየራሱ «ላ» ነበረው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ድምፁ ደምቆ እንዲሰማ ልኩን ከፍ የማድረግ ፉክክር ተነሣ፤ ዘፋኞች ጉሯቸው እየተጎዳ አማረሩ። የፈረንሳይ መንግሥት እነ ሮሲኒ፣ በርልዮዝና የፊዚክስ ሊቁ ሊሳዡ ያሉበት ኮሚሽን አቋቋመ። በየካቲት 1859 በወጣው ውሳኔ «ላ» 435 ኸርዝ ሆነ። አስተውሉ፤ ውሳኔው ከቁጥሩ ጋር ሙቀቱን ጽፏል፤ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ።

ያ ሙቀት በኋላ ራሱን የቻለ ታሪክ ፈጠረ። በ1896 የለንደኑ የፊልሃርሞኒክ ማኅበር ሰዎች፣ አዳራሽ ሲሞቅ መሣሪያው ከፍ ስለሚል የፈረንሳዩ 435 በ20 ዲግሪ 439 ይሆናል ብለው 439ን መረጡ። ለሹካ የተጻፈውን ሙቀት ለነፋስ መሣሪያ አደረጉት። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሙዚቀኞች በ452 ገደማ ይጫወቱ ነበር። ባለ 5 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ሙሉ ክርክር ካስነሣ፣ ከጎንደር እስከ መተማ ያለው 25 ዲግሪ ምን ያህል ያከራክር ነበር!

በ1885 ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪ፣ ኢጣልያ፣ ሩስያና ሌሎችም በቪየና ተሰብስበው 435ን ዓለም አቀፍ ልክ አደረጉ። ጉዳዩ ምን ያህል የመንግሥታት ጉዳይ እንደ ነበር የሚያሳየን የ1919ኙ የቬርሳይ ውል ነው። በአንቀጽ 282 ጸንተው ከሚቀጥሉት ስምምነቶች መካከል ይህ የድምፅ ልክ ስምምነት ተቆጥሯል። በጦርነት የተሸነፈች ጀርመን «ላ»ዋንም በውል ታሠረች።

በመጨረሻ በግንቦት 1939 የለንደን ጉባኤ 440ን መረጠ። ምክንያቱ የጆሮ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዙ ራዲዮ ጣቢያ ቢቢሲ የመቃኛ ድምፅ የሚያሰራጨው በሰከንድ 1,000,000 ጊዜ ከሚርገበገብ ክሪስታል ነበር። ያን ለ1,000 አካፍሎ፣ በ11 አባዝቶ፣ ለ25 ሲያካፍል 440 ያገኛል። 439 ግን ከራሱና ከ1 በቀር የማይካፈል ቁጥር ስለሆነ በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1955 አጸደቀው፤ በ1975ም አጸናው። እዚህም የገዛው የማይቃኘው መሣሪያ ነው፤ በመጀመሪያ ኦርጋንና ፒያኖ፣ በኋላ የራዲዮ ክሪስታል።

የቪየና ጉባኤ በተደረገበት በዚያው በ1885 ግን በለንደን አሌክሳንደር ኤሊስ ሌላ መንገድ ከፈተ። የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ቅኝት ሲያጠና መነሻ ቁጥር የማይጠይቅ መለኪያ ሠራ፤ ኦክታቭን በ1,200 እኩል ክፍሎች ከፍሎ እያንዳንዱን ሴንት አለው። የፒያኖው አንድ እርምጃ 100 ሴንት ነው። ቀደም ሲል ያነሣሁት የዋሽንት ለውጥ 72 ሴንት ያህል ነው። ኤሊስ የደረሰበት ድምዳሜም የዓለም ቅኝት አንድ እንዳልሆነና ከአንድ የተፈጥሮ ሕግ ብቻ እንደማይመነጭ ነው። ቪየና መነሻውን ወሰነች፤ ኤሊስ ርቀቱን ለካ። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመን የሁለተኛው ነው።

የማይቃኘው ወደ እኛ ሲመጣ

ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ገቡ። የነሐስ መሣሪያ ልክ የሚወሰነው ቧንቧው በፋብሪካ ሲቆረጥ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያስተካክለው በጥቂቱ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ በተቋቋመውና ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያ በመሩት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ክራር በአንድ ግቢ ተገናኙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለማስተማር እንዲመቹ በኖታ ተጻፉ።

ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ያለ ኖታና ያለ 440 በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሠራው ታላቅ የኦርኬስትራ ሙዚቃችን ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የታሪክ ባለሙያ ማን ለማን እንደ ተገዛ መመዝገብ አለበት። ዛሬ በመተማና በገንዳ ውኃ ሠርግ ላይ ኪቦርድ አለ። ኪቦርድ ሙቀት አያውቅም፤ እርጥበትም አያውቅም። ክራሩና መሰንቆው ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ድምፃዊውም ቢከብደው ወደ እሱ ይመጣል። ቀድሞ የመጨረሻው ወሳኝ የነበረው ጉሮሮ ዛሬ ተቃኚ ሆኗል።

ድንበሩ

መተማን ለዚህ ጥናት ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ከድንበሩ ወዲህ ክራር፣ ከድንበሩ ወዲያ ጣምቡር ወይም ረባባ የሚባለው የሱዳን ክራር አለ። ሁለቱም በቀንበር ላይ የሚወጠሩ አውታሮች ያሏቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ የዘመተው ፈረንሳዊው ቪዮቶ ከ1798 በኋላ ካይሮ ላይ ሁለቱንም ወገን አጥንቷል። ከኢትዮጵያውያን ካህናት ስለ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ጠይቆ ጽፏል፤ የኑብያውያንን ባለ አምስት አውታር ክራርም ገልጿል።

የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተመሠረተ ነው። የመሐመድ ወርዲ ዘፈኖች ቋንቋውን በማያውቅ ኢትዮጵያዊ ዘንድ የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘፈኑ ድንበሩን ሲሻገር ይዞ የሚመጣው የኸርዝ ቁጥር አይደለም፤ በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። የዚህ ወገን ተጫዋች አውታሩን ወደ ራሱ ድምፃዊ ጎትቶ ያንኑ ርቀት ያስቀምጣል። በቋንቋችን ቅኝት የሚለው ቃል የአውታርን ማስተካከልም የአገርን ዙሪያ መመልከትም ነው፤ መተማ ላይ ሁለቱም ትርጉሞች ይሠራሉ።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ በምዕራብ ጎንደርም መጠለያዎች ተከፍተዋል። የእኛም አካባቢ ሰላሙን ያጣባቸው ዓመታት ናቸው። የጉሙዝ፣ የአማራና የሱዳን ዜማ የሚያውቁ አረጋውያን የሚሰደዱበትና የሚሞቱበት ዘመን ላይ ነን። አሁን የምንቀዳው ቅጂ ለብዙው ዜማ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ያንን ቅጂ ስንቀዳና ወደ ዲጂታል ስንለውጥ ሶፍትዌሩ «ወደ 440 ላስተካክልልህ?» ብሎ ይጠይቀናል። አንዳንዴም ሳይጠይቅ ያስተካክለዋል።

ምን እንመዝግብ?

ስለዚህ ለመስክ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ለተማሪዎች፣ አራት ነገሮችን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ከዜማው በፊትና በኋላ የታወቀ የሹካ ድምፅ ቅዱ። የቴፕ ማጫወቻ ፍጥነት ቢዛባ እንኳ እውነተኛውን ድግግሞሽ የሚመልስልን ያ ድምፅ ነው። ፍጥነቱ በ6 በመቶ የጨመረ ቴፕ ሁሉን ነገር በአንድ የፒያኖ እርምጃ ከፍ ያደርገዋል፤ አድማጩም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱን፣ ሰዓቱንና ወቅቱን ጻፉ። የፓሪስ ኮሚሽን በ1859 የጻፈውን እኛ መተማ ላይ የምንተወው ለምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን አውታር ብቻውን አስመትታችሁ ቅዱ፤ ርቀታቸውንም በሴንት አስሉ። አውታሩ ከፒያኖው ቁልፍ 20 ሴንት ቢርቅ ስሕተት ነው ብላችሁ አታርሙት። ተጫዋቹን ጠይቁት፤ እንደገና እንዲቃኝ አድርጉ፤ ደጋግሞ እዚያው ካስቀመጠው ቅኝቱ ያ ነው።

አራተኛ፣ ክራሩ ለማን እንደ ተቃኘ ጻፉ። ለብቻው ነበር? ለድምፃዊ? ለዋሽንት? ለኪቦርድ? ይህች አንዲት መስመር ከሌለች የቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ትርጉማቸው ይጎድላል።

እኔ በተማሪነቴ ከጻፍሁት ኖታ ከእነዚህ አራቱ አንዱም የለም። ዋናው ቅጂ የት እንደ ደረሰ ዛሬ ላገኘው አልቻልሁም፤ የተረፈው የእኔ ንጹሕ ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የመተማ ክራር እንደ ፒያኖ ሆኖ ተጽፏል፤ አንባቢም እንዲያ ነበር ብሎ ያምናል። ብሩስ ሙቀቱን ሳይጽፍ «ሚ» ብሎ ቢተውልን በ1770ዎቹ የነበረ መንገደኛ ነውና እንረዳለታለን። ቴርሞሜትሩም ሹካውም በኪሳችን ባለ ስልክ ውስጥ ላለው ለእኛ ግን የሚረዳልን አይኖርም።

አረጋዊው በዚያ ምሽት ክራራቸውን የቃኙት ለራሳቸው ድምፅ ነበር። መተግበሪያዬ አንድ ቁጥር አሳየኝ፤ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ሲቃኙ ሌላ ቁጥር አሳየኝ። በአውታሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ጆሮዬ እስኪለየው ድረስ አልተለወጠም። በማስታወሻዬ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ሁለቱንም ሰዓቶችና «ለራሳቸው ድምፅ» የሚለውን ጻፍሁ። ከእንግዲህ የምትሄዱትም እንዲሁ እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ።